እቴጌ ምንትዋብ፤ የጎንደር ታላቅ ሕንፃ አሠሪ

ጎንደር ተወልዶ ያደገ ልጅ ግንብ ማየት አያስደንቀውም። ወደ ገበያ ሲላክ በግንብ ሥር ያልፋል፤ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በግንብ ጥላ ያርፋል፤ ለጥምቀትም በፋሲል መዋኛ አጥር ዙሪያ ተጋፍቶ ውሃውን ይመለከታል። ዓይን የለመደውን ነገር ልብ አይጠይቀውም። ስለዚህ ይህን ሁሉ ማን አሠራው ተብለን ብንጠየቅ ብዙዎቻችን ፋሲል ብለን መልሰን ዝም እንላለን። በ1628 ዓ.ም. ግድም ከተማዋን የቆረቆሩትና የመጀመሪያውን ታላቅ ግንብ ያሠሩት ዐፄ ፋሲለደስ መሆናቸው እውነት ነው። ነገር ግን ከእሳቸው በኋላ መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ፥ የጎንደርን የሕንፃ ዘመን ከፍ ወዳለ ደረጃ አድርሰው የዘጉት አንዲት ሴት ናቸው። እሳቸውም እቴጌ ምንትዋብ ይባላሉ።

እኛ በታች ክፍል ሳለን በሚሲዮን ትምህርት ቤት የእንግሊዝን ንግሥት የቪክቶሪያን ዘመን ተምረናል። በ1827 ዓ.ም. የለንደን ምክር ቤት በተቃጠለ ጊዜ ለአዲሱ ሕንፃ ንድፍ አውጥቶ ውድድሩን ያሸነፈው ቻርልስ ባሪ የሚባል መሐንዲስ መሆኑን ዛሬም በቃላችን እናውቃለን። ከደጃችን ቆሞ ስለሚያየን ስለ ቁስቋም ግን የምናውቀው ጥቂት ነው። ይህን ጉድለት በመጠኑም ቢሆን ለመሙላት አስበን፥ የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በሚከበርበት በዚህ መጽሔት የእቴጌይቱን የሕይወት ታሪክ ለአንባብያን ለማቅረብ ወደድን። ለየት ብሎ ካልተመለከተ በቀር የምንጠቅሰው ዓመት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

እቴጌ ምንትዋብ የተወለዱት በ1690ዎቹ መጨረሻ ግድም፥ ከጎንደር በስተ ምዕራብ በሚገኘው በቋራ አገር ነው። የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ ሲሆን፥ ምንትዋብ የተባሉት ስለ መልካቸው ውበት ነው። በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው፥ ዐፄ በካፋ ራሳቸውን ሰውረው በአገር ውስጥ ሲዘዋወሩ ቋራ ላይ በሕመም ወደቁ፤ በዚያም ያረፉበት ቤት ልጅ አስታመመቻቸው፤ ከዳኑም በኋላ ይህችኑ ልጅ አገቡ። ነገሩ እንዲሁ ሆነም አልሆነ፥ ምንትዋብ ከዐፄ በካፋ ጋር ተጋብተው ኢያሱ የሚባል ወንድ ልጅ ወለዱ። ዐፄ በካፋ በመስከረም ወር 1723 ዓ.ም. ሲሞቱ ሕፃኑ ኢያሱ ገና ሰባት ዓመት ገደማ ነበር።

በዚያ ዘመን የሕፃን ንጉሥ ዙፋን እጅግ አደገኛ ቦታ ነበር። የንጉሥ ዘር የሆኑ ወንዶች ሁሉ በወህኒ አምባ ተጠብቀው ይኖሩ ስለ ነበር፥ በንጉሡ ያልተደሰተ መኳንንት ከአምባው ሌላ አውርዶ ለማንገሥ ይችል ነበር። እቴጌ ምንትዋብ ይህን ስለ ተረዱ ወንድማቸውን ወልደ ልዑልንና ሌሎች የቋራ ዘመዶቻቸውን በዙሪያቸው አሰባስበው፥ ልጃቸውን ዳግማዊ ኢያሱ አሰኝተው አነገሡ። በታኅሣሥ 1723 ዓ.ም. ደግሞ እሳቸው ራሳቸው ዘውድ ጭነው ብርሃን ሞገሳ የሚል የመንግሥት ስም ተቀበሉ። ቀድሞ እናት ለልጇ ሞግዚት ሆና መንግሥት ትጠብቅ ነበር እንጂ፥ ዘውድ ደፍታ ከልጇ ጋር መንገሥ የተለመደ ነገር አልነበረም።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ የፈሩት መጣ። በ1725 ዓ.ም. አንዳንድ መኳንንት ሸፍተው፥ ሕዝቅያስ የሚባለውን የንጉሥ ዘር ከወህኒ አውርደው አነገሡና ከተማውን ያዙ። እቴጌይቱና ልጃቸው በግቢው ውስጥ ተከበቡ። ከተማው ተቃጠለ፤ ብዙ ሰውም አለቀ። የግቢው አጥር ግን አልተደፈረም፤ ታማኝ መኳንንት ከየአገራቸው ጦር ይዘው ደርሰው ከበባውን እስኪሰብሩ ድረስ እናትና ልጅ በውስጡ ቆዩ። ዛሬ የፋሲል ግቢ የምንለው ይህ ቦታ ዙሪያው 900 ሜትር ያህል በሆነ አጥር የታጠረና 12 በሮች ያሉት ነው። እንግዲህ እቴጌ ምንትዋብ ግንብ ምን እንደሚጠቅም የተማሩት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከዚያ ከበባ ነው ለማለት እንችላለን።

ሰላም ከወረደ በኋላ ዘመኑ የሥራ ዘመን ሆነ። በፋሲል ግቢ ውስጥ ከዐፄ ፋሲለደስ፥ ከቀዳማዊ ዮሐንስ፥ ከቀዳማዊ ኢያሱ፥ ከሣልሳዊ ዳዊትና ከባላቸው ከዐፄ በካፋ ሕንፃዎች ጋር የእቴጌይቱም ባለ አንድ ፎቅ ግንብ ተጨመረ። ከግቢው ታላላቅ ግንቦች የመጨረሻው ይኸው ነው። የፊተኞቹ ግንቦች በወፍራም ግድግዳቸውና በማማቸው ግርማ ሲኖራቸው፥ ይህኛው ቀለል ብሎ የተሠራና በቀይ ድንጋይ መስቀል ያጌጠ ነው። የፋሲል ግንብ የሚያስፈራ ሲሆን የምንትዋብ ግንብ የሚጋብዝ ነው ብንል ያየው ሰው የሚቃወመን አይመስለንም።

ከሁሉ የሚበልጠው ሥራቸው ግን ከከተማው በስተ ሰሜን ምዕራብ፥ ደብረ ፀሐይ በተባለው ተራራ ሥር የተሠራው ቁስቋም ነው። ቁስቋም የሚለው ስም እመቤታችን ከልጇ ጋር በስደት ያረፈችበት የግብጽ ተራራ ስም ነው። ከበባ ያየች እናት ለቤቷ የስደት ማረፊያ ስም መምረጧ ያለ ነገር አይመስለንም። ቤተ ክርስቲያኑ በ1730ዎቹ መጀመሪያ ተፈጽሞ በታላቅ በዓል ተባረከ። በአጠገቡም የግብር አዳራሽ፥ የእቴጌይቱ መኖሪያ ቤትና ሌሎች ክፍሎች ተሠሩ፤ ሁሉም በማማ በተጠበቀ አጥር ታጠሩ። ለካህናቱ መተዳደሪያ ብዙ ጉልት ተሰጠ፤ መጻሕፍትም ተጽፈው ገቡ። ዛሬ ፍርስራሹን እየዞረ የሚመለከት ሰው በግድግዳው ላይ በቀይ ድንጋይ የተቀረጹትን መስቀሎች ያያል። በፀሐይ መግቢያ ጊዜ ቀዩ ድንጋይ ከጥቁሩ ግድግዳ ተለይቶ ሲበራ እጅግ ያምራል።

ከዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ማንሣት ይገባናል። እቴጌይቱ አሠሩ እንላለን፤ ታዲያ የሠራው ማን ነው? ቦታውን የመረጡ፥ ገንዘቡን የሰጡ፥ ይሁን ይቅር ያሉ እቴጌይቱ ናቸው። ድንጋዩን የጠረቡት፥ ኖራውን ያቃጠሉት፥ ቅስቱን ያዞሩት ግን ሌሎች እጆች ናቸው። የቻርልስ ባሪ ስም ከነንድፉ ተጠብቆ ሲኖር፥ የቁስቋም ጠራቢዎች ስም በትምህርታችን አይነሣም።

ሥራው ቀላል አልነበረም። ድንጋይን በጭቃ የሚያያይዝ ግድግዳ የክረምቱን ዝናብ ብዙ ዓመት አይችልም፤ ውሃው ጭቃውን እያጠበ ይወስደዋልና። ስለዚህ የጎንደር ግንብ የሚሠራው በኖራ ነው። የኖራ ድንጋይ ተፈልጦ በእሳት ይቃጠላል፤ የተቃጠለው በውሃ ሲረጭ እየፈላ ይፈርሳል፤ ከዚያም ከአሸዋ ጋር ተለውሶ በድንጋይና በድንጋይ መካከል ይገባል፤ ሲደርቅም ተመልሶ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ለዚህ ሁሉ ብዙ ማገዶ፥ ብዙ ውሃ፥ ብዙ ጭነት ከብትና ልምድ ያለው እጅ ያስፈልጋል። እሳቱ ያነሰው ኖራ አይበስልም፤ በደንብ ያልተለወሰውም ይሰነጠቃል።

ይህን ልምድ ከያዙት መካከል የቤተ እስራኤል ግንበኞች፥ አናጢዎችና አንጥረኞች የታወቁ ነበሩ። ከእነርሱም አንዳንዶቹ ለሥራቸው ዋጋ መሬትና ማዕርግ ተቀብለዋል። የውጭ አገር ሰዎችም ነበሩ፤ ከሰምርኔስ ከተማ ተሰደው የመጡ የግሪክ አንጥረኞች በዳግማዊ ኢያሱ ቤተ መንግሥት የውስጥ ጌጥ ላይ እንደ ሠሩ ይነገራል። ስለዚህ ጎንደርን ፈረንጅ ብቻ ሠራው የሚል ሰው ተሳስቷል፤ ከውጭ ምንም አልተማርንም የሚልም ተሳስቷል። በአባቶቻችን ዘመን የመጣው ጥበብ በአገር ልጅ እጅ ገብቶ፥ ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ መቶ ዓመት ሙሉ ግንብ ሲያሠራ ኖሯል።

የሚያሳዝነው ነገር ይህ ጥበብ የተከበረውን ያህል ጥበበኛው አለመከበሩ ነው። ብረት የሚቀጠቅጠውን ሰው ጠይብ እያሉ፥ ሸክላ የምትሠራውን ሴት በቡዳነት እየጠረጠሩ፥ እነርሱ በሠሩት ማረሻ የሚያርሱና እነርሱ በሠሩት ድስት የሚበሉ ሰዎች ብዙ ነበሩ። ከጎንደር ከተማ በስተ ሰሜን የሚገኘው የወለቃ መንደር የእነዚህ ባለ እጆች መንደር ነበር። ከ1970ዎቹ ጀምሮ አብዛኞቹ ቤተ እስራኤል ወደ እስራኤል አገር ሄደው፥ ዘሮቻቸው ዛሬ በዚያ ይኖራሉ። የአባቶቻቸው እጅ ሥራ ግን ከእኛ ዘንድ ቀርቷል።

ወደ እቴጌይቱ ታሪክ እንመለስ። ከቁስቋም ሌላ በጣና ሐይቅ፥ በደቅ ደሴት ምዕራባዊ ዳርቻ ናርጋ ሥላሴን አሠሩ። በደሴት ላይ መሥራት ከየብስ ይልቅ ይከብዳል፤ ከውጭ የሚመጣው ሁሉ በታንኳ ሐይቁን መሻገር አለበትና። ናርጋ ዛሬም ቆሞ የሚገኝ ክብ ቤተ ክርስቲያን ሲሆን፥ የመቅደሱ ግድግዳ በሥዕል የተሞላ ነው። በዚያ ዘመን የተነሡት ሠዓሊዎች ፊትን በጥላና በብርሃን እያለሰለሱ፥ ልብስን በአበባና በወርቅማ ቀለም እያስጌጡ ይሥሉ ነበር። ይህ የሥዕል ስልት ከእቴጌ ምንትዋብ ዘመን ጋር ተያይዞ ይታወቃል። ከናርጋ ሥዕሎች በአንዱ እቴጌይቱ ራሳቸው ከእመቤታችን እግር ሥር በግንባራቸው ወድቀው ተሥለው ይታያሉ። ዘውድ የጫነች ንግሥት ከሥዕሉ ግርጌ በትሕትና መተኛቷ ለተመልካች ትምህርት የሚሰጥ ነው።

ነገር ግን የሚሠራ ሰው ነቃፊ አያጣም። ዳግማዊ ኢያሱ አድገው የእናታቸውን ፈለግ በመከተል ቤተ መንግሥት ሲያስጌጡ፥ መኳንንቱ ንጉሡ ጦርነትን ትተው በጌጥ ተጠመዱ ብለው ያሟቸው ጀመር። ንጉሡም ይህን ሐሜት ለማጥፋት በ1736 ዓ.ም. ወደ ስናር ዘመቱ። በዚያም ሠራዊታቸው ክፉኛ ተሸነፈ፤ ከጦሩ ጋር የወጣው ቅዱስ ሥዕልና የመስቀሉ ግማድም ተማረከ። ሥዕሉና መስቀሉ በኋላ በወርቅ ተገዝተው ተመለሱ፤ የሞተው ሰው ግን አልተመለሰም። እኛ ይህን ስናስብ፥ ያ ሁሉ ሰው ድንጋይ ሲያመላልስ ቢኖር ኖሮ ይሻል ነበር እንላለን። ቢሆንም የነቃፊዎቹ ነገር ፈጽሞ ከንቱ አልነበረም። ለግንብ የሚወጣው ወርቅ ከገበሬው ግብር የሚመጣ ነውና፥ የቤተ መንግሥቱ ጌጥ ሲበዛ የመንግሥቱ ጉልበት ይቀንስ እንደ ነበረ መካድ አይቻልም።

እቴጌ ምንትዋብ ከድንጋይ ሌላ አንድ ታላቅ ሕንፃ ለመሥራት ደክመዋል። ያም ሕንፃ የጋብቻ ሕንፃ ነው። መንግሥትን በጦር ብቻ ለመያዝ እንደማይቻል ስለ ተረዱ፥ ኃይለኛ የሆኑትን ወገኖች ሁሉ በዝምድና ለማሰር ፈለጉ። ልጃቸውን ኢያሱን ከወሎ ኦሮሞ ባላባት ልጅ ከውቢት ጋር አጋቡ፤ እርስዋም ወለተ ቤርሳቤህ ተባለች። ከዐፄ በካፋ ሞት በኋላ ከግራዝማች ኢያሱ የወለዷቸውን ሴት ልጆችም ለታላላቅ መኳንንት ዳሩ። ከእነዚህ አንዷ ወይዘሮ አስቴር የበጌምድሩን ገዥ ማርያም ባርያን አገባች። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ አማች ሆኖ የሚዋጋ የለም የሚል ተስፋ ነበርና።

በ1747 ዓ.ም. ዳግማዊ ኢያሱ በወጣትነታቸው ሞቱ። ከውቢት የተወለደው ሕፃን ኢዮአስ ነገሠ፤ እቴጌ ምንትዋብም ለሁለተኛ ጊዜ የሕፃን ንጉሥ ጠባቂ ሆኑ። ይሁን እንጂ በዚህ ጊዜ ሌላ የንጉሥ እናት በቤተ መንግሥቱ ነበረች። ውቢት የራስዋን ዘመዶች ወደ ጎንደር ጠራች፤ በግቢውም ኦሮምኛ ይነገር ጀመር። ከአንድ ወገን የእቴጌይቱ የቋራ ዘመዶች፥ ከሌላ ወገን የንጉሡ እናት የወሎ ዘመዶች ለሹመት ተፋጠጡ። ጥፋቱ የዚህ ወይም የዚያ ሕዝብ አልነበረም፤ ሁለቱም ወገን ያደረገው ምንትዋብ ራሳቸው በ1723 ዓ.ም. ያደረጉትን ነው፤ ይኸውም ዘመድን በዙሪያ ማሰባሰብ ነው። ሚዛኑን ይዞ የቆየው የእቴጌይቱ ወንድም ራስ ወልደ ልዑል ነበሩ። እሳቸው በ1759 ዓ.ም. ሲሞቱ ሚዛኑ ተሰበረ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በሁለት ዓመት ውስጥ ተፈጸመ። ዐፄ ኢዮአስ የአክስታቸውን ባል ማርያም ባርያን ሽረው በበጌምድር የእናታቸውን ወንድም ለመሾም ፈለጉ፤ ነገሩም ወደ ጦርነት ደረሰ። ንጉሡ የትግሬውን ገዥ ራስ ሚካኤል ስሑልን ለርዳታ ጠሩ። ራስ ሚካኤልም ማርያም ባርያን አሸነፉ፤ ማርያም ባርያም በጠላቶቹ እጅ ወድቆ ተገደለ። ነገር ግን የተጠራው ረዳት ከጠሪው በረታ። በግንቦት ወር 1761 ዓ.ም. ዐፄ ኢዮአስ በራስ ሚካኤል ትእዛዝ ተገደሉ። በምትካቸው የነገሡት ሽማግሌው ዳግማዊ ዮሐንስም ስድስት ወር ሳይሞላ ሞቱ። ባሏን ያጣችው ወይዘሮ አስቴር ደግሞ ራስ ሚካኤልን አገባች። እንግዲህ የእቴጌይቱን የልጅ ልጅ ያስገደለው ሰው ለእቴጌይቱ አማች ሆነ። ሰላም ያመጣል ተብሎ የተሠራው የጋብቻ ሕንፃ በአሠሪዋ ራስ ላይ ፈረሰ። ዘመነ መሳፍንት የምንለው ጊዜ የሚቆጠረው ከዚህ ዓመት ጀምሮ ሲሆን፥ በ1847 ዓ.ም. ሌላው የቋራ ሰው ዐፄ ቴዎድሮስ እስኪነግሡ ድረስ 86 ዓመት ቆየ።

ይህ ዕጣ የእቴጌ ምንትዋብ ብቻ አልነበረም። በዚሁ ዘመን በኦስትሪያ አገር ማርያ ቴሬዛ የሚባሉ ንግሥት ነበሩ፤ በ1733 ዓ.ም. ዙፋን ወርሰው በቪየና የሾንብሩንን ቤተ መንግሥት በአዲስ መልክ አሠሩ። እሳቸውም ልጆቻቸውን በየአገሩ እየዳሩ መንግሥታቸውን በጋብቻ ለማጽናት ደከሙ። በ1762 ዓ.ም. ለፈረንሳይ አልጋ ወራሽ የዳሯት ማሪ አንቷኔት በ1786 ዓ.ም. በአብዮተኞች እጅ አንገቷ ተቆረጠ። ሾንብሩን ግን እስከ ዛሬ ቆሟል። ሁለቱ ንግሥቶች ሳይተዋወቁ፥ በሁለት ሩቅ አገሮች አንድ ዓይነት ትምህርት ትተውልናል።

በእነዚያ የመከራ ዓመታት ቁስቋም ስሙ እንደሚያመለክተው ማረፊያ ሆነ። በ1762 ዓ.ም. ጄምስ ብሩስ የሚባል የስኮትላንድ አገር ተጓዥ ጎንደር ሲደርስ፥ በከተማው የፈንጣጣ በሽታ ገብቶ ነበር። የእቴጌይቱ የልጅ ልጆችም በቁስቋም ታመው ተኝተው ነበር። ብሩስ ሕክምና ጥቂት ያውቅ ስለ ነበር ተጠርቶ ገባ። ያደረገውም ነገር የተዘጉትን በርና መስኮቶች አስከፍቶ ንጹሕ አየር ማስገባት፥ ክፍሎቹን ማጠብና ማጠን ነበር። ከታመሙት አንዳንዶቹ ሞቱ፥ አንዳንዶቹ ዳኑ፤ እሱም በቁስቋም እንዲቀመጥ ተፈቀደለት። በኋላ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1790 ባሳተመው አምስት ቅጽ መጽሐፍ ስለ እቴጌይቱ ብዙ ጽፏል፤ የውጭው ዓለም የምንትዋብን ስም በሰፊው ያወቀው ከዚህ መጽሐፍ ነው።

ራስ ሚካኤል በበረቱበት ጊዜ እቴጌይቱ ወደ ጎጃም ሸሹ። በ1763 ዓ.ም. ራስ ሚካኤል ተሸንፈው ሲያዙ ግን ወደ ቁስቋም ተመለሱ። ልጃቸውን ቀብረው፥ የልጅ ልጃቸው ተገድሎባቸው፥ ወንድማቸውን አጥተው፥ በገዛ እጃቸው ባሠሩት አጥር ውስጥ ጥቂት ዘመን ኖሩ። በሰኔ ወር 1765 ዓ.ም. ዐረፉ።

ቁስቋምም ከመከራ አልዳነም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን አቃጠሉ፤ በ1880 ዓ.ም. ደግሞ ደርቡሾች መጥተው የከተማውን አብያተ ክርስቲያናት ሲያነዱ የቁስቋም ቤተ ክርስቲያንም ተቃጠለ። የጣልያን ወረራ ሲያበቃም በፋሲል ግቢ ያሉ ሕንፃዎች በእንግሊዝ አይሮፕላኖች ቦምብ ተጎዱ። የቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ኋላ እንደገና ተሠርቶ ዛሬ ይቀደስበታል፤ የቤተ መንግሥቱ ግድግዳ ግን ጣራውን እንዳጣ ቆሟል። የእቴጌ ምንትዋብ፥ የዳግማዊ ኢያሱና የኢዮአስ ዐፅም በዚያው በመስታወት ሣጥን ተቀምጦ ይታያል። እናት፥ ልጅና የልጅ ልጅ በሕይወት ሳሉ መንግሥት ለያያቸው፤ ከሞቱ በኋላ ሕንፃው አንድ ላይ አኖራቸው። በ1972 ዓ.ም. የፋሲል ግቢና በዙሪያው ያሉት የጎንደር ቅርሶች፥ ቁስቋምም ጭምር፥ በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? እቴጌ ምንትዋብ ሁለት ሕንፃ ሠሩ ብለናል። አንዱን ለዘመድ አደራ ሰጡ፤ ዘመድም በሹመት ተጣልቶ አፈረሰው። ሁለተኛውን ለባለ እጅ አደራ ሰጡ፤ ባለ እጁም ማንም ሳያመሰግነው ኖራውን አብስሎ፥ ድንጋዩን አስተካክሎ አደራውን ጠበቀ። ግድግዳው ሦስት መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶታል። ዘመዱን ብቻ የሚያምን መንግሥት አይጸናም፤ ሙያን የሚያምን ሥራ ግን አሠሪው ካለፈ በኋላም ይኖራል። ይህ ነገር ለአገር ብቻ ሳይሆን ለትምህርት ቤትም፥ ለመሥሪያ ቤትም፥ ለቤተሰብም የሚሆን ይመስለናል።

ወላጆቻችን ሆይ፤ ልጃችሁ ግንበኛ ወይም አናጢ እሆናለሁ ቢላችሁ አትዘኑ፤ የምትኮሩበትን ግንብ የሠራው እንደ እርሱ ያለ ሰው ነው። መምህራኖቻችን ሆይ፤ ከውጭው ዓለም መሐንዲሶች ጋር የቁስቋምንም ጠራቢዎች አስተምሩን። የትምህርት ጓደኞቻችን ሆይ፤ እኛ በዚህ ዓመት ከዚህ ትምህርት ቤት ተሰናብተን ስንወጣ አንዳንዶቻችን ሐኪም፥ አንዳንዶቻችን መምህር፥ አንዳንዶቻችን መሐንዲስ ለመሆን ተስፋ እናደርጋለን። ወደ የትም ብንሄድ በምንይዘው ሥራ ላይ የዘመድን ብዛት ሳይሆን የእጅን ጥራት እንመን። እናንተ ደግሞ እዚህ የምትቀሩት፥ በቁስቋም ግድግዳ ላይ ስማችሁን በሚስማር አትጻፉ። በዚያ ግድግዳ ላይ ስሙን ሊጽፍ የሚገባው የሠራው ሰው ነበር፤ እርሱ ግን አልጻፈም።